የአበራን ቁጥር የሰቀለው ሰው

ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ "አዲስ አበባ እንዴት ናት?" እያለ ይጠይቀኛል። አላየኋትም ብል ማን ያምነኛል? ዙሪያዋን ነው የዞርኩት፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። መሀሏን በሚኒባስ መስኮት አየት አድርጌ ነው ያለፍኩት፤ እሱንም ቦርሳዬን በሁለት እጄ ጨምድጄ። እንግዲህ አንዴ በጽሑፍ ልመልስና ይውጣልኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከተማችን ከሀዋሳ ወዲያ፣ ወርቅ በሚወጣበት ቆላ ያለች ናት፤ ስሟን ብጠራው ከኛ በቀር የሚያውቃት የለም። ሰው ቶሎ አላምንም። ደንበኛ "ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ" ሲለኝ እንኳ ዐይን ዐይኑን አያለሁ። እናቴ ይህን አመሌን "ከአበራ በኋላ የመጣብሽ ነው" ትላለች።

አበራ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ወርቅ ሲቆፍር ዋሻ ተንዶበት ሞተ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ቆፋሪ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ የናስ ቁራጭ ነበረችው። ዋሻው አፍ ላይ ሰሌዳ ቆሟል፤ ሠራተኛው ሲገባ "የገባ" በሚለው በኩል ይሰቅላታል፣ ሲወጣ "የወጣ" ወደሚለው ያዛውራታል። ጣሪያው የተናደ ዕለት የአበራ ቁጥር "የወጣ" ላይ ተሰቅላ ተገኘች። ወጥቷል ተባለና ማንም አልፈለገውም። በማግስቱ ቤት አለመግባቱ ሲታወቅ ቆፍረው አወጡት። የጣቶቹ ጫፍ ቆስሎ ነበር አሉ። ከውስጥ ሲቆፍር ነበር ማለት ነው።

"ቁጥሯን የሰቀልኳት እኔ ነኝ" ያለው ቱሉ የሚባል የሥራ ጓደኛው ነው። አበራ ሰልፍ ሳይጠብቅ ቶሎ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ብዬ ቀድሜ ሰቀልኩለት አለ፤ ከዚያ አገሩን ለቆ ሄደ። እናቴ ይህን ሰው ሳትረግም የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። አባቴ ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ርግማኑ ሲጀመር ከተቀመጠበት ተነስቶ ይወጣ ነበር። እራት ቀርቦም ቢሆን ይወጣል። በራችን ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እርግማኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሐዘኑ ሲነካበት አይችልም እንል ነበር።

ታዲያ ከክረምቱ በኋላ አንድ ሰው ደወለልኝ። የማዕድን ጡረተኞች ማኅበር አቋቁመናል አለ። ለአገሪቱ የማዕድን ሥራ ውለታ የዋሉ ሦስት ሰዎችን ልናከብር ነው፤ አንደኛው ዋሻው ውኃ ሲሞላ ቆሞ ፓምፑን ሲያሠራ ያደረ መካኒክ፣ ኦቦ ደበላ፣ ሰበታ። ሁለተኛዋ የካምፑ ነርስ፣ ሲስተር አልማዝ፣ ቡራዩ። ሦስተኛው "ማንም የሌላውን ቁጥር አይንካ" የሚለውን ደንብ በየማዕድኑ እየዞረ ያስተከለ፣ ኦቦ ቱሉ፣ ሱሉልታ። ካባውን የሚያለብሰው ደግሞ በሥራ ላይ ከሞቱት የአንዱ ቤተሰብ ይሁን ብለን አንቺን መርጠናል አለኝ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ስልኩን ልዘጋበት ነበር፤ ከዚያ ማይክ ይሰጡኛል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ለእናቴ ስነግራት ብዙም አላመነታች። "ሂጂ" አለች። "ካባውን አታልብሺው። ሰው ሁሉ እያየ ያደረገውን ተናገሪና ነይ።"

ለደወለልኝ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው ያልኩት። ገበያ ላይ ያለው ካባ ሁሉ ለአንድ ግዙፍ ሰው የተሰፋ ይመስላል፤ እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ቀድሜ መጥቼ የሦስቱንም ትከሻ ልለካና ላስተካክል አልኩት። ደስ አለው። ሦስቱም ዋሻው የተናደ ዕለት እዚያው ነበሩ። የሁለቱን ቃል ይዤ ሦስተኛው ፊት መቆም ነበር ሐሳቤ።

ረቡዕ ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ልጫንልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ሜትሬ፣ መቀሴ፣ ክሬና ሁለት ጣሳ ማር ነው የያዘው። ማሩ ለደበላና ለአልማዝ ነው፤ ለቱሉ አልያዝኩም። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ገና ከከተማ ሳንወጣ የገብስ ቆሎ ዘረጋልኝ። ጾም ነው ብዬ እንዳላሳብብ፣ ቆሎ ጾም አይሽርም። "ጥርሴን ያመኛል" አልኩት። መንገድ ላይ በሚበላ ነገር ስንቱን አደንዝዘው እንደዘረፉት ሰምቻለሁ። ሰውዬው ቆሎውን ብቻውን እየበላ ስለ ልጆቹ ሲያወራኝ፣ እኔ ለምን ይህን ሁሉ ይነግረኛል እያልኩ ነበር።

ዝዋይን ካለፍን በኋላ እግሩን አንስቶ ጫማውን አየ። አንደኛው ጣሳ ክዳኑ ላልቶ ማሩ ከሻንጣዬ እየወረደ የሰውዬውን ካልሲ አርሶታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ሳቀ። ክዳኑን በላስቲክ አስሮ አስተካከለልኝ፤ ቃሊቲ ስንደርስም ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ። እኔም ቢሆን ሻንጣውን ይዞ እንዳይሰወር እጀታውን አልለቀቅኩም፤ ሁለታችንም ይዘነው እንደ ታቦት ተሸካሚ አብረን ተራመድን።

ሰበታ የገባሁት ሲመሻሽ ነው። በጅማ መንገድ ከባድ መኪናው ሰልፉ አያልቅም፤ አየሩ የፋብሪካ ሽታ አለው። እኛ ጋ ምሽት ማለት ውጭ ወንበር አውጥቶ ነፋስ መቀበል ነው። እዚህ ሰዉ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ያገኘሁት ፔንሲዮን ንጹሕ ነው፤ የበሩ ቁልፍ ግን ይዞራል እንጂ አይቆልፍም። ጠረጴዛውን ጎትቼ በሩን ደገፍኩት። ጠዋት ባለቤቷ በራሷ እጅ ሻይ ይዛልኝ መጥታ፣ ጠረጴዛውን ጎትቼ እስክከፍትላት ውጭ ቆማ ጠበቀች።

"ሌባ ፈርተሽ ነው እህቴ?" አለችኝ።

"ነፋስ ነው" አልኳት።

"እሱስ ልክ ነሽ፤ የኛ ነፋስ ሌባ ነው" ብላ ሻዩን አስቀመጠችልኝ። ሒሳብ ላይ ሻዩን ትጨምርብኛለች ብዬ ነበር። አልጨመረችም።

ሐሙስ ኦቦ ደበላ ቤት ሄድኩ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ግቢያቸው ውስጥ የጉድጓድ ውኃ አለ፤ እሳቸውም እንደ ሙያቸው የተፈታ ፓምፕ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። "አከም ጅርቱ" አልኳቸው። የኛ አገር ኦሮምኛ ዜማው ስለሚለይ ወዲያው ቀና አሉ።

"ከዚያ ነሽ! የማን ልጅ?"

"የወልዴ። የአበራ እህት።"

ቁልፉን ከእጃቸው አስቀመጡ። ተነስተው ሳሙኝ፤ ዐይናቸው ሞላ። ይህን ጊዜ እንኳ "ምን አስደነገጣቸው?" ብዬ እንዳሰብኩ አልደብቅም።

ትከሻቸውን ስለካ ወሬ ጀመርኩ። ሰው ሲለካ ቆሞ ከመናገር በቀር ሥራ የለውም፤ ይህን ከሙያዬ አውቃለሁ። ስለ ናዳው ጠየቅኋቸው። ያን ቀን የድጋፍ እንጨት ወደ ውስጥ ያወረድኩት እኔ ነኝ አሉኝ። "ቱሉና አበራ መጨረሻው ላይ ነበሩ። ቱሉ ለምሳም አልወጣም። ጠዋት እንደገባ ማታ እኛ ነን ከናዳው ሥር ጎትተን በቃሬዛ ያወጣነው። ራሱን አያውቅም።"

ሜትሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። "ካልወጣ የአበራን ቁጥር መቼ ሰቀለው?" አልኩ።

ኦቦ ደበላ ወደ ቤት ዞረው ለልጃቸው ሚስት "ምሳ አቅርቢ፣ እንግዳ እኮ ነው" ብለው ጮኹ። ገና አራት ሰዓት ነበር። ሽሮ፣ ድንች ወጥ፣ ጎመን ቀረበ፤ እኛ ቤት ለሦስት ቀን የሚበቃ ነው። በእጃቸው እያጎረሱ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ሰበታ ውኃ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩኝ ዋሉ። ወደ ሰሌዳው ልመልሳቸው ስል ሌላ ጉርሻ ይመጣል። እንዲህ ያለ አፍ ማስያዣ አይቼ አላውቅም።

ተሰናብቼ ስወጣ ነጠላዬን ረስቼ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ስልክ እያወሩ ነው። "መጥታለች" ይላሉ። "ስለ ሰሌዳው እየጠየቀች ነው። እኔ ምን ልበላት? አንቺ ታውቂያለሽ፣ ያዢያት።" ነጠላዬን ሳልወስድ ሄድኩ። ያን ምሽት ጠረጴዛውን ብቻ ሳይሆን ወንበሩንም በሩ ላይ ደረብኩበት። ሦስቱ ተማክረዋል፤ ቱሉን ለመሸፈን ተማክረዋል አልኩ። እናቴ ደውላ "አገኘሽው?" ስትለኝ፣ "ጓደኞቹ ተባብረውብኛል" አልኳት። "ድሮስ" አለች።

አርብ በአየር ጤና በኩል፣ ከዚያ በዊንጌት አድርጌ ወደ ቡራዩ ሄድኩ። መንገዱ ዳር የተጠረበ ድንጋይ ተከምሯል፤ ሰዉ ቤት የሚሠራው ጎረቤቱን ለመቅደም ይመስል በጥድፊያ ነው። እኛ ጋ አንድ ቤት ሲሠራ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። ከታክሲ ስወርድ አንዲት አጠር ያሉ ሴትዮ ጥላ ይዘው ቆመዋል። "የወልዴ ልጅ" አሉኝ።

መቼ እንደምመጣ ለማንም አልተናገርኩም። ሲስተር አልማዝ ከጠዋት ጀምሮ ታክሲ ሲቆም እያዩ እንደጠበቁኝ በኋላ ከጎረቤታቸው ሰማሁ። የኦቦ ደበላ ምራትም ነጠላዬን በታክሲ ሰው ልካ እሳቸው ቤት ታጥቦ፣ ተተኩሶ ቆየኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ሆዱ ይራራ ነበር። እኔ ግን መረቡ ምን ያህል እንደተጠላለፈ ነው ያየሁት።

ትከሻቸውን ስለካ ሲስተር አልማዝ እንደ ኦቦ ደበላ በምግብ አላመለጡኝም፤ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ቱሉን ተቀብለው ያከሙት እሳቸው ናቸው። "ሲነቃ መጀመሪያ ያለው 'አበራስ?' ነው" አሉኝ። "አጥንቱ ተሰብሮ 'አበራስ? አበራስ?' ይላል። ከዚያ አባትሽ ገቡ። ከሁሉም ቀድመው ነው የገቡት። ሰዉን አስወጡልኝ አሉኝ፤ አስወጣሁላቸው። በሩን ዘጋሁላቸው።"

"ምን ተነጋገሩ?"

"እኔ ውጭ ነበርኩ ልጄ።"

"ሲወጣስ? አባቴ ሲወጣ ምን መሰለ?"

ጥላቸውን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ አጠፉት። "ቱሉን ጠይቂው" አሉ። "እኔ የነርስ አፍ ነው ያለኝ።"

ያን ቀን የጾም በያይነቱ በልቼ እሳቸው ቤት አደርኩ፤ አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው ሶፋ ላይ ተኙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርጣሬዬ ወደ ራሴ ቤት ዞረ። አባቴ ልጁን ከገደለበት ሰው ጋር በር ዘግቶ ምን አወራ? ተስማሙ? ምን ተቀበለ? ስሙ ሲረገም ተነስቶ ይወጣ የነበረው ስለ ሸጠን ይሆን? ሙት ወቃሽ አትበሉኝ፤ ያንን ነው ያሰብኩት፣ አፍሬም አሰብኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሲስተር አልማዝ ያመጣሁላቸውን ማር መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። "ባዶ እጅሽን ቱሉ ቤት አትገቢም" አሉ። ለሳቸው ነው ያመጣሁት ብል አልሰማ አሉኝ። ለጠላቴ ማር ተሸክሜ፣ በአዲሱ ገበያ በኩል ዳገቱን ወጣሁ።

ሱሉልታ ብርዱ ልክ የለውም። ሜዳው ላይ የሣር ክምር ተደርድሯል፣ በየደጁ የወተት ጣሳ አለ፤ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ግን አፍንጫዬን ቆረጠኝ። እኛ ጋ ኅዳር ላይ እንኳ ላብ ነው። የቱሉ ቤት ከመንገዱ ወደ ውስጥ፣ አጥሩ ባሕር ዛፍ፣ ግቢው ላሞች ያሉበት ነው። ሚስቱ አዴ ሌንሳ "ኮቱ፣ ታኢ" ብላ ምድጃ ዳር አስቀመጠችኝ፤ እርጎ በትልቅ ጣሳ አመጣችልኝ፤ ጾም ነው ብዬ ሳልቀምሰው አጠገቤ አስቀመጥኩት። ማሩን ተቀብላ አመሰገነች። ሦስቱ ካባዎች ከማኅበሩ ኮሚቴ ተልከውልኝ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የጥልፉ ዘቦ ወርቅ አይደለም፣ ላስቲክ ነው። ወርቅ ሲያወጡ ለኖሩ ሰዎች የላስቲክ ወርቅ። ይህን እንኳ አስቀድሜ ጠርጥሬ ነበር።

ቱሉ ገባ። እቤታችን ስሙ በተጠራ ቁጥር ግዙፍ ሰው ነበር የማስበው። ቀጭን፣ ጎንበስ ያለ፣ ግራ ትከሻው ከቀኙ የወረደ ሽማግሌ ነው። "አንተ" ልለው ከኛ አገር ጀምሮ ተዘጋጅቼ ነበር። አፌ ግን "ደኅና ነዎት?" አለ።

"የአበራ እህት" አለ። "ዐይንሽ የሱ ነው።"

ተነስቶ ቆመልኝ። ሜትሩን በትከሻው ላይ ዘረጋሁ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ያን ትከሻ ነካሁት ብል እናቴ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ነበር።

"የወንድሜን ቁጥር የሰቀሉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"መቼ?"

"ያን ቀን።"

"ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አልወጡም። በቃሬዛ ነው የወጡት። እንጨት ያወረደው ሰው ነግሮኛል፤ ያከመችዎት ሴት ነግራኛለች። ሰሌዳው ያለው ውጭ ነው።"

አዴ ሌንሳ ላሞቹን ላያቸው ብላ ወጣች።

"እኔ ነኝ ብያለሁ" አለ። "ሰዉ ተቀብሎታል። እንደዚያው ይቆይ።"

ይህን ሲለኝ ከዓመታት በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ነገር መጣልኝ። አባቴ ዋሻው አፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። ቆፋሪ አልነበረም፤ ሰሌዳውን የሚጠብቀው እሱ ነበር።

"አባቴ ነው?" አልኩ።

ቱሉ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ፤ ሜትሩ በመካከላችን ወደቀ።

የዚያን ጊዜውን ልማድ ነገረኝ። ማታ ሰሌዳው ፊት ረጅም ሰልፍ ይሆናል። ስለዚህ የሚዋደዱ ሰዎች አንዱ የአንዱን ቁጥር ቀድሞ ያዛውርለታል፤ ወንድም ለወንድም፣ አማች ለአማች። እንደ ውለታ ነው የሚታየው፣ ማንም ጥፋት ብሎት አያውቅም። አባቴ ደግሞ ሰሌዳው በእጁ ነው። ሁልጊዜ የመውጫው ፊሽካ ሊነፋ ሲል የልጁን ቁጥር ያዛውርለትና ለማታው ጠባቂ አስረክቦ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ያን ቀንም እንደዚያው አደረገ። አባቴ እሱ ከሄደ በኋላ ጣሪያው እንደተናደ አልሰማም። እራቱን በልቶ ተኛ። አበራ ከጓደኞቹ ጋር ነው አለ።

"የአበራ አስከሬን እንደወጣ ሐኪም ቤት መጡ" አለ ቱሉ። "አላለቀሱም። 'ገደልኩት' አሉኝ። 'ለሚስቴ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?' አሉኝ። እኔ ነኝ የሰቀልኩት እላለሁ አልኳቸው። እንዴት ተደርጎ አሉ፤ ተጨቃጨቅን። በማግስቱ ሰዉ ሊጠይቀኝ ሲገባ ተናገርኩት። የፈረቃው ሰው ውሸቴን ያውቃል፤ ግን ማን አፍ አውጥቶ ለአባት እንዲህ ይላል? ዝም አሉ።"

"ለምን? ለርስዎ ምንዎ ነበር?"

"እናትሽ ከሳቸው ጋር ነው የምትኖረው" አለ። "ከኔ ጋር አይደለም። እኔን ብትጠላኝ ቤትሽ አይፈርስም።"

ከዚህ በኋላ እኚህን ሰው "እሱ" ብዬ መጻፍ አልችልም። ኦቦ ቱሉ ከዚያ በየማዕድኑ እየዞሩ "ማንም የሌላውን ቁጥር አይንካ" ሲሉ ኖሩ። መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ ጓደኛውን የማያምን ሰው አሏቸው። እሳቸው ግን አለቃም ሠራተኛም ሳይሉ እየለመኑ፣ እየተቆጡ ደንቡን አስያዙት። "ነገ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ይህን እንዳትናገሪ" አሉኝ። "አባትሽ በክብር ተቀብረዋል።"

መጀመሪያ የሁለቱን ካባ አስተካከልኩ። ቀኑ ሳይመሽ የሳቸውን ካባ አወጣሁ። ዝቅ ባለው ትከሻ ሥር ጨርቅ አጥፌ ሰፋሁበት፤ ሁለቱ ትከሻ እኩል እንዲመስል። ስሰፋ አለቀስኩ፣ አዴ ሌንሳም አጠገቤ ተቀምጣ ክር መርፌ ውስጥ ታስገባልኝ ነበር እንጂ ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም። እናቴ ስትደውል አላነሳሁም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ሱሉልታ ያለው አዳራሽ ሞላ። ኮሚቴው ብዙ ተናገረ፤ ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፣ ባነሩ ላይ የሲስተር አልማዝ ስም ተሳስቶ ተጽፏል። ኦቦ ደበላ ካባቸውን ሲለብሱ የእኔን እጅ ጨበጥ አድርገው ያዙኝ፤ ዐይን ዐይኔን ያያሉ። ሲስተር አልማዝ ጥላቸውን አቅፈዋል። የኦቦ ቱሉ ተራ ሲደርስ ኮሚቴው ማይኩን ሰጠኝ። አዳራሹ ውስጥ ከፈረቃው የቀሩ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

እናቴ ተናገሪ ብላኛለች፤ ኦቦ ቱሉ አትናገሪ ብለውኛል።

"ወንድሜ አበራ ይባል ነበር" አልኩ። "ቁጥሩን ኦቦ ቱሉ ሰቀሉት ሲባል አደግሁ። እሳቸው አይደሉም። ማን እንደሰቀለው አውቄያለሁ፤ ግን ከሁሉም በፊት ለእናቴ ነው የምነግራት።"

ካባውን አለበስኳቸው። ትከሻቸው ላይ ቀጥ አለ። ጎንበስ ብለው ሲስሙኝ በጆሮዬ "ምን አደረግሽ?" አሉኝ።

"አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ከቤት ወጥቶ ወጥቶ ደክሞታል" አልኳቸው። "ከእንግዲህ ይግባ።"

ሰኞ ተመለስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ብርቱካን ስትሰጠኝ ተቀብዬ በላሁ። ሻንጣዬም ጣሪያ ላይ ተጫነ፤ አዴ ሌንሳ የሰጠችኝ ቅቤ ነበረበት፣ ቆላው ሲጀምር ቀልጦ መቀሴን ሁሉ ቅቤ በቅቤ አደረገው። ቤት ስገባ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

"ነገርሽው?" አለች። ሳትስመኝ ነው የጠየቀችኝ።

እግሯ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሰልፉ፣ ስለ ልማዱ፣ አባቴ እራቱን በልቶ ስለ መተኛቱ፣ ስለተዘጋው በር። አላቋረጠችኝም። የሌላ ጊዜ እናቴ ብትሆን በየመሀሉ ትረግም ነበር። ስጨርስ በትሯን ይዛ ተነሳች። ልደግፋት ብል እጄን ገፋችው። ወጣች።

ትንሽ ቆይቼ ተከተልኳት። በራችን ላይ፣ አባቴ ይቀመጥባት በነበረችው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ነጠላዬን አውልቄ ትከሻዋ ላይ አለበስኳትና መሬት ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ቆይታ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች።

"እዚህ ሆኖ የምለው ሁሉ ይሰማው ነበር?" አለች።

"ይሰማው ነበር እማዬ" አልኳት።